የጥጋብ ወሬ

አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ከለመደችው ያነሰ ምግብ እየተሰፈረላት ትኖራለች። ምግቧ በመቀነሱ ዕድሜዋ ይረዝማል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ክላይቭ ማኬይ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በልክ የተመገቡ አይጦች ጠግበው ከሚበሉት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ ያሳየው በ1935 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ)። በ2007 የታተመ ጥናት ግን በዚህች ዝንብ ላይ አንድ ነገር ጨመረባት፤ ምግብ ሳይሆን የምግብ ሽታ። የምትወደው የእርሾ ሽታ እንዲደርሳት ተደረገ፣ ስፍሯ ግን አልተነካም። ተርፎላት ከነበረው ዕድሜ ከፊሉን አጣች። በዘረ መል ለውጥ ምክንያት ማሽተት የተሳናቸው ዝንቦች ደግሞ ምግባቸው ሳይጓደል ከጤነኞቹ የበለጠ ኖሩ።

ታዲያ ያችን ዝንብ ምን አስረጃት? ምግብ ነው እንዳንል አልበላችውም። ሽታ አያሰባም፣ ደም አይሆንም፣ ጉልበት አይሰጥም። ወደ ሰውነቷ የገባው ምግብ መኖሩን የሚያወራ ነገር ብቻ ነው። እንግዲያው ምግብ በሕያው አካል ላይ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው ማለት ነው፤ አንዱን በገላው ይሠራል፣ ሲፈጭ፣ ሲቃጠል፣ ሥጋ ሲሆን፤ ሌላውን የሚሠራው በወሬው ነው። ስለ ፊተኛው ሐኪሙም ባለ ሙያዋም ብዙ ብለዋል። እኔን የያዘኝ ኋለኛው ነው። ምግብ አለ የሚል ወሬ እንዴት ዕድሜ ይቆርጣል? ከዚያም በፊት፣ አንድ ህዋስ ምግብ መኖሩን ያውቃል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ህዋስ ዓይንም ሆድም የለውም። ማዕድ ተዘርግቶ አይቶ አያውቅም፤ የሚደርሰው ማዕዱ ተፈጭቶና ተጣርቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ቅንጣት ነው። ለየቅንጣቱም የሚጠባበቅ አለው። ሉሲን የተባለውን፣ በሥጋም በወተትም በጥራጥሬም የሚገኘውን አሚኖ አሲድ የሚጠባበቀው ሴስትሪን 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ሉሲን ሲጠፋ ሴስትሪን የዕድገትን ትእዛዝ የሚሰጠው ኤምቶር እንዳይነሳ መንገዱን ይዘጋል፤ ሉሲን መጥቶ ሲጣበቅበት ይለቃል። ይህ የቅርብ ምስክር ነው። የሩቅ ምስክርም አለ። ከቆሽት ተነስቶ በደም የሚመጣው ኢንሱሊን ራሱ ምግብ አይደለም፤ ስኳር መድረሱን ለመላው አካል የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ኤምቶር በአንዱ ምስክር ብቻ በሙሉ ጉልበቱ አይነሳም፤ አሚኖ አሲዶቹ ሊሶሶም ወደሚባለው የህዋስ ክፍል ገጽ ይጠሩታል፣ የኢንሱሊን መልእክት ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ያነቃዋል። ሊሶሶም ያረጀና የተበላሸ ነገር የሚፈርስበት ቦታ ነው። የግንባታ ትእዛዝ ከማፍረሻው ግድግዳ ላይ መውጣቱ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ግን የተበላውም የፈረሰውም ተደምሮ ምን ያህል አሚኖ አሲድ እንዳለ ከዚያ የተሻለ የሚታወቅበት ቦታ ከየት ይመጣል?

ይህ ሁሉ ግን ማወቅ ነው? ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ ፀሐይ መውጣቷን አወቀ አንልም። ሉሲን የተጣበቀበት ፕሮቲን ቅርጹን ቢለውጥ ከሞቀው ድንጋይ በምን ይበልጣል? ለዚህ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ድንጋይ አይሳሳትም። ፀሐይ ሳትወጣ በእሳት ብናሞቀው ተታለለ የሚል የለም፣ ሙቀቱ ከራሱ በቀር ስለ ሌላ ነገር ምንም አላለምና። መሳሳት የሚችለው ስለ አንድ ነገር የሚናገር ብቻ ነው። ስለዚህ ህዋስ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ክርክር ወደ ሌላ፣ ወደሚፈተን ክርክር ይዞራል፤ ህዋስን መዋሸት ይቻላል?

ይቻላል። ውሸቱም የተገኘው ከአፈር ነው። በ1964 መጨረሻ አንድ የካናዳ የጥናት ቡድን በፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ወደምትገኘው ራፓ ኑዪ ደሴት ተጉዞ ነበር፤ ይዞት ከተመለሰው አፈር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ወጣ። በሞንትሪያል በአየርስት የመድኃኒት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሱረን ሰህጋልና ባልደረቦቹ ከባክቴሪያው ያጣሩትን ንጥረ ነገር በደሴቲቱ ስም ራፓማይሲን ብለው በ1975 አሳወቁ። ፈንገስን እንደሚያስቆም ያኔውኑ ታውቋል። የሚይዘው ምን እንደሆነ የተገለጠው ግን በ1991 ነው፤ በባዝል ማይክል ሆልና ባልደረቦቹ በእርሾ ላይ ሲሠሩ ቶር የተባሉትን ዘረ መሎች አገኙ፣ የሰውና የአይጥ አቻቸው ኋላ ኤምቶር ተባለ። ተከትሎ የመጣው ሥራ ደግሞ ራፓማይሲን የያዘው እርሾ የሚያሳየው ጠባይ የተራበ እርሾ ጠባይ መሆኑን አሳየ። ምግብ ከቦታል፤ እሱ ግን ማደግ ያቆማል፣ ያለውን ይቆጥባል፣ የራሱን አካል እየፈታ ይጠቀማል። አንዱ ጥቃቅን ፍጡር ጎረቤቱን ያለ መርዝ፣ ረሃብ ገባ ብሎ በማስወራት ብቻ ያሸነፈው ይመስላል። ሦስት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ውሸት ለአይጦች አበሉ፣ ውጤቱንም በ2009 አሳተሙ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ሳይበላሽ የሚቆይበት ሽፋን እስኪዘጋጅ ጊዜ ስለ ወሰደ አይጦቹ ሸመገሉ፤ ሙከራው ሲጀመር 600 ቀን ሞልቷቸው ነበር፣ በሰው ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋ። እንዲያም ሆኖ ከመቶው ዘጠናው ሞተው የሚያልቁበት ዕድሜ በእንስቶቹ በ14 በመቶ፣ በተባዕቶቹ በ9 በመቶ ራቀ።

ነገሩ የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። የአይጡ ገበታ ሙሉ ነበር፤ ህዋሱ ግን ባዶ ነው ብሎ አመነ፣ በማመኑም ተጠቀመ። እውነቱን የሰማው አይጥ ቀድሞ ሞተ። ዓለምን እንዳለች የሚያውቅ ከማያውቀው የተሻለ ይኖራል የሚለው ሐሳብ ማንም ሳይመረምር የሚቀበለው ነው፤ እዚህ ግን የተታለለው ያልተታለለውን ቀበረው። ውሸት ከእውነት ይሻላል ማለት ነው? ወደዚያ ለመድረስ የምንቸኩለው ሁለት ነገር ስለምናደባልቅ ይመስለኛል። ህዋስ ምግብ አለ ብሎ ብቻ ዝም አይልም፤ ምግብ አለና እደግ ይላል። ከወሬው ጋር ትእዛዝ ተጣብቋል። ወሬው እውነት ሆኖ ትእዛዙ የሚጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ራፓማይሲንም ወሬውን ያበላሸው ትእዛዙን ለማስቀረት ሌላ በር ስላልነበረ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ትእዛዙ ለማን ጥቅም ተጻፈ የሚለው ነው። ጆርጅ ዊልያምስ በ1957 እንደተከራከረው በወጣትነት የሚጠቅም ዘረ መል በስተርጅና ቢጎዳም ይቆያል፤ ዱር ውስጥ ለሽምግልና የሚበቃ ጥቂት ነውና ጉዳቱን የሚቀምሰው ብዙ አይደለም። እደግ የሚለው ትእዛዝ ሽማግሌውን አስቦ አልተጻፈም። ሽማግሌው የወጣትነቱ ደብዳቤ ዛሬም እየተነበበለት የሚኖር ሰው ነው።

ሚካሂል ብላጎስክሎኒ ከ2006 ጀምሮ በጻፋቸው ጽሑፎች ይህን ሐሳብ ወደ ኤምቶር አምጥቶ አከረረው። በእሱ አመለካከት እርጅና ሰውነት ተሟጦ ሲያልቅ የሚመጣ ድካም አይደለም፤ የዕድገት ዘመን ካለፈ በኋላ መቆም ያልቻለ ዕድገት ነው። ቤቱ ተሠርቶ አልቆ፣ ባለቤቶቹ ገብተው እየኖሩበት፣ ግንበኛው ግን በቃህ ያለው ስለሌለ ድንጋይ መደርደሩን አልተወም፤ በሩ ይጠባል፣ መስኮቱ ይደፈናል። የደም ሥር ግድግዳ ሲወፍር፣ ስብ በማይገባው ቦታ ሲከማች፣ ያበጠ ፕሮስቴት ሽንት ሲከለክል፣ ካንሰር ሲነሳ የምናየው የጉልበት ማነስ ነው ወይስ የጉልበት መብዛት? ሐሳቡ ያምራል። የሚያምር ሐሳብ ደግሞ መጠርጠር አለበት። እርጅና የተጠራቀመ ብልሽት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ 600 ቀን ሙሉ ብልሽት ሲያጠራቅም የኖረ አይጥ አንዲት ትእዛዝ ስለ ቀረችለት ብቻ እንዴት ዕድሜ ያገኛል? ሙግቱ ጠንካራ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ኤምቶር ዝም ሲል የሚሆነው ግንባታ መቆሙ ብቻ አይደለም፣ ጽዳትም ይጀመራል። ዮሺኖሪ ኦሱሚ የተራቡ እርሾዎች የራሳቸውን አካል ቁርጥራጭ እየጠቀለሉ ወደ ማፍረሻቸው ሲልኩ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ሥራውን የሚመሩትን ዘረ መሎች ለይቶ፣ በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ጥጋብ በነገሠበት ህዋስ ይህ ጽዳት ይታገዳል። እንግዲህ የብልሽት ጠበቃም አይጡ የኖረው ስለ ጸዳ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ ያው አንዱ ማስረጃ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ። ግንባታም ደግ ነው፣ ጽዳትም ደግ ነው፤ ጉዳቱ አንዱ ለሌላው ተራውን ባለመልቀቁ ነው።

ዕድሜ ተራዘመ የሚለው አባባል ራሱ ሲመረመር ይንሸራተታል። ከምን ላይ ነው የተራዘመው? በዊስኮንሲን ከ1989 ጀምሮ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የሬሰስ ጦጣዎች ምግባቸው ተቀንሶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጠኑ። በ2009 ዊስኮንሲኖቹ ያነሰ የበሉት በዕድሜ መግፋት በሚመጣ በሽታ የመሞት ዕጣቸው ቀንሷል አሉ፤ በ2012 ሌሎቹ የዕድሜ ልዩነት አላየንም አሉ። ተቃርኖው ሲመረመር ብዙው ምስጢር የተገኘው ከተራቡት ዘንድ ሳይሆን ከጠገቡት ዘንድ ነው። በዊስኮንሲን ማነጻጸሪያ የነበሩት ጦጣዎች እንዳሻቸው ይበሉ ነበር፣ ምግባቸውም ከ28 በመቶ በላይ ስኳር ነበረው፤ በብሔራዊ ተቋሙ ግን ማነጻጸሪያዎቹም በልክ ይሰፈርላቸው ነበር፣ የምግባቸው ስኳር ከ4 በመቶ አይደርስም። ስለዚህ የዊስኮንሲኑን ውጤት ረሃብ ዕድሜ ጨመረ ብሎ ማንበብም፣ ጥጋብ ዕድሜ ቀነሰ ብሎ ማንበብም ይቻላል፤ ቁጥሩ ሁለቱንም ይሸከማል። የሚወስነው ዜሮውን የት አስቀመጥነው የሚለው ነው። አጠገቡ እህል የማይጠፋበትን እንስሳ መደበኛ ብለን ከጠራን፣ የተሰፈረለት እንስሳ ተአምረኛ ይሆናል። ዱር ውስጥ የሚኖረውን፣ አንድ ቀን አግኝቶ አንድ ቀን የሚያጣውን መደበኛ ካልነው ደግሞ ተአምሩ ይቀርና ጥጋብ በሽታ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው አነጋገር ወደ እውነቱ ይቀርባል ባይ ነኝ፤ ግን መደበኛ የሚባለውን የመረጠው ጦጣው አለመሆኑን አልረሳም።

ዕድሜ የሚለውም ቃል ቢሆን ከዚህ አይድንም። አንድ ሚሊሜትር የምታህል፣ ሲ ኤሌጋንስ የምትባል ትል አለች፤ አድጋ የምትኖረው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። በልጅነቷ ምግብ ካጠረና ቦታው ከተጨናነቀ ግን አፏን ዘግታ፣ ዕድገቷን አቁማ፣ ሳትበላ ለወራት ትቆያለች። ምግብ ሲመጣ ትነቃለች፣ ካቆመችበትም ትቀጥላለች፤ የጠበቀችበት ጊዜ ከዕድሜዋ አልተቆጠረባትም። ሲንትያ ኬንየን በ1993 የትሏን ዕጣ የለወጠችው በዚሁ በር ነው፤ ወደዚያ ሁኔታ መግባትን ከሚወስኑት ዘረ መሎች አንዱ የሆነው ዳፍ-2 ሲዳከም አዋቂዋ ትል እየተንቀሳቀሰችና እየበላች እጥፍ ዕድሜ ኖረች። ዳፍ-2 የትሏ የኢንሱሊን መሰል መልእክት መቀበያ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ወሬ ሰሚዋ ጆሮ እሱ ነው። አፏን ዘግታ የምትጠብቀው ትል ግን ኖረች እንላለን ወይስ ቆየች? በቀን ብንቆጥር ከእሷ የታደለ የለም፤ በኑሮ ብንቆጥር ገና አልጀመረችም። ዳፍ-2 የተዳከመባት አዋቂ ይህን ክርክር የምታመልጥ ትመስላለች። ከጤነኞቹ ጋር ተቀላቅላ ስትረባ ግን ዘሯ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ተመናምኖ ይጠፋል፤ ቀድመው የሚወልዱት ይውጧታል። ተፈጥሮ የምትቆጥረው ዕድሜን አልነበረም።

ጥጋብን ከሰስን፣ ረሃብን ማመስገን ላይ እንዳንወድቅ የሚያስፈራ ነገር አለ። ረሃብ ያየ አገር ሰው ረሃብ ዕድሜ ያረዝማል ሲሉት ቢስቅም ቢቆጣም መብቱ ነው። በቤተ ሙከራው የተቀነሰው ጉልበት ሰጪው ነው፤ ቫይታሚኑም ማዕድኑም አልጎደለም። እውነተኛ ረሃብ ከወሬ ያለፈ ነው፣ ገላው ራሱ ይጎድላል፤ ገላ ሲጎድል ወሬው የሚያዝዘውን ቁጠባ የሚፈጽም አካል አይተርፍም። የረሃብ ወሬ ብቻውንስ ቢሆን ሁልጊዜ ይጠቅማል? በ1944 እና 45 ክረምት የጀርመን ጦር ምዕራብ ሆላንድን እህል ከለከላት። በዚያ ክረምት የተፀነሱ ልጆች ከስልሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ የዕድገት መልእክት በሚሠራው አይጂኤፍ-2 በሚባለው ዘረ መላቸው ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት በረሃቡ ካልተነኩት ወንድም እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በማሕፀን ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው ልጆች በጎልማሳነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር ችሎታቸው ደከም ያለ ነበር። ፅንሱ የሰማው ወሬ በተነገረበት ቀን እውነት ነበር። ቀኑ አለፈ፣ እህል ገባ፣ ወሬው ግን አልተሻረም። የአይጡ ውሸት ጠቀመ፣ የፅንሱ እውነት ጎዳ፤ ስለዚህ ወሬው እውነት ነው ሐሰት የሚለው ሚዛን ለዚህ ነገር አልተሠራም። እኔ የምመዝነው በሌላ ነው፤ ወሬው ጊዜው ሲያልፍ ይሻራል ወይ? የግንበኛው ጥፋት መገንባቱ ላይ አልነበረም፣ የፅንሱም ጉዳት መስማቱ ላይ አልነበረም።

በዚህ መነጽር ጾምን ሳየው ሌላ መልክ ያወጣል። ዓላማው ዕድሜ ማራዘም ስላልሆነ በዚያ አልመዝነውም፤ ነፍስ ሥጋን የምትገራበትን ነገር በኤምቶር መለካት ለሁለቱም ውርደት ነው። ግን በሥጋ ላይ የሚያደርገውን ማየት ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ህዋሱ የረሃብ ወሬ ይሰማል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮው ይቀርባልና ወሬው ይሻራል። ሐሙስ የተፈቀደው ዓርብ ይከለከላል። ዘርዓ ያዕቆብ በሐተታው (የደራሲው ማንነት ዛሬም ሊቃውንቱን ቢያከራክርም) ሕገ ጾምን ሲነቅፍ ያስቸገረው አንዱ ይኸው ነበር፤ ዛሬ ተበልቶ ነገ የሚከለከልበትን ምክንያት ልቡናው አላገኘለትም። ፈጣሪን በተመለከተ ሙግቱን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ሥጋን በተመለከተ ግን እሱ ትርጉም የለሽ ያለው መፈራረቅ ራሱ ቁም ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ህዋስ ዓርብን ከሐሙስ አይለይም፣ መለወጡን ግን ይለያል። በተጓዳኝ የሚያሳስበኝ ጉዳይ የፋሲካ ዋዜማ ነው። የሰው ቆሽት ምግብ ምላስ ሲነካ፣ ስኳሩ ደም ሳይደርስ፣ ጥቂት ኢንሱሊን አስቀድሞ ይለቃል። ቅዳሜ ምሽት ዶሮውን እያቁላላች፣ ጨው ማነሱን እንኳ ሳትቀምስ በሽታው የምትለይ እናት ህዋሷ የሚሰማው የቱን ነው? የአፍንጫዋን ወይስ የሆዷን? ዝንቧ ላይ አፍንጫ አሸንፎ ነበር። እናትየዋ ግን ሽታው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደማትቀምስ፣ መቼ እንደምትቀምስ ታውቃለች፤ ይህ ከህዋሱ በላይ ያለው እውቀት ወደ ታች ወርዶ የሚለውጠው ነገር አለ ወይ የሚለው ዝንብን በመጠየቅ የሚመለስ አይመስለኝም።

ራፓማይሲንን ሳይታመሙ ለዕድሜ ብለው የሚውጡ ሰዎች ዛሬ አሉ። የሚሹት ትእዛዙ ዝም እንዲል ነው፤ እስካሁን ያልነው ከተያያዘ ግን ዝምታውም እንደ ጩኸቱ ሊሻር ይገባዋል። መድኃኒቱን በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ስለ ዕድሜ የሚጽፉት ሳይሆኑ ኩላሊት የሚተክሉት ሐኪሞች ናቸው። በአሜሪካ ከ1999 ጀምሮ የተፈቀደው ለዚህ ነው፤ የመከላከያ ህዋሳትም ለመባዛት እደግ የሚለውን ትእዛዝ ይሻሉና፣ ትእዛዙ ሲቀር ባዕዱን ኩላሊት አይወጉትም። ትእዛዙ ሲቀር ግን ሆድ ላይ የተሰፋውም ቁስል ለመግጠም ይዘገያል፤ እዚያም ያሉት ህዋሳት የሚሰሙት ያንኑ ነው። ስለዚህ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት ሰጥተው ይጀምሩና ራፓማይሲኑን ቁስሉ እስኪጠግግ ያቆዩታል።